በግዝት የታሰረው ተራራ

ዕድሜዬን ሙሉ ዛፍ ስተክል ኖሬ፣ ሰው የሚያነሳኝ በቆረጥኩት ዛፍ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ውጫሌ ያለው መሥሪያ ቤታችን ሰው ሰብስቦ ጋቢ አለበሰኝ። ኃላፊያችን ያዘጋጀውን ንግግር አነበበ፤ ይሄን ያህል ችግኝ፣ ይሄን ያህል እርከን፣ ይሄን ያህል ምስጋና። ጨርሶ "እስቲ እትዬ ዘሃራ፣ አንድ ነገር በይን" ሲል ከኋላ አንዱ ገበሬ "ስለ ጥዱ ንገሪን!" ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በጊዜው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም፤ ወላሂ አልነበረውም። ቁጭ ብዬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ዳር፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ በነበረ አንድ ችግኝ ጣቢያ ነው። የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አፈር እነፋለሁ፣ ፍግ እቀላቅላለሁ፣ ከረጢት እሞላለሁ። ክፍያው ከስኳርና ከሳሙና አያልፍም ነበር፣ እሱን ተዉት። የጣቢያው ፎርማን አያ ይማም ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል፣ ሲቆጣ ግን ሐይቁን የሚያናውጥ ሰው። ልጅ አልወለደም፤ ሚስቱም ቀድማው ሄዳለች። እኔን ያገኘኝ ምንም የማላውቅ ኮረዳ ሆኜ ነው።

ችግኝ አንገቱን ይዤ ሳነሳ ካየኝ አለቀልኝ። "አንቺ! ያንቺን አንገት አንቀው ቢያነሱሽ ትወጃለሽ?" ይለኛል። ችግኝ የሚያዘው ከሥር፣ በከረጢቱ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ደግሞ ጥላውን ያነሳባቸዋል፣ ውሃ ይቀንስባቸዋል። አንድ ቀን ቅጠላቸው ጠውልጎ ሳይ አንጀቴ አልችል ብሎ "ኧረ አያ፣ ለምን ታስጠማቸዋለህ?" አልኩት። "ተራራው ላይ ጆግ ይዞ የሚጠብቃቸው አለ? ከዚሁ ይልመዱት" አለኝ። የወይራን ፍሬ ቅርፊቱን ብቻ ሰንጥቆ ውስጡን ሳይነኩ መተው፣ ከከረጢቱ ያለፈውን ሥር በምላጭ መከርከም፣ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አቆራረጡ ነበር። ዛፍ ከመቁረጡ በፊት መዳፉን ግንዱ ላይ ያሳርፍና ለምን እንደሚቆርጠው ድምፁን አውጥቶ ይናገራል። "ጎንህ ያለው እንዲወፍር ነው።" "ለትምህርት ቤቱ በር ነው።" ከዚያ ቢስሚላህ ብሎ ይመታል። ምክንያት ያጣ እንደሆነ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ይመለሳል። ሠራተኛው ይስቅበት ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። "ለዛፉ ለመንገር የምታፍሪበት ምክንያት ከሆነ አትቁረጪው" አለኝና ሳቄን አስዋጠኝ።

በኋላ ሁለታችንም ወደ አምባሰል ተዛወርን፣ እሱ ቀድሞ፣ እኔ ተከትዬ። እዚያ ወይራ አምባ የሚሉት ተራራ አለ። ስሙ ወይራ ይባል እንጂ እኔ ስደርስ ወይራው ከሰል ሆኖ አልቋል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ድንጋይ ጭኖ ይወርድና የታቹን ማሽላ ይቀብረዋል። ሰውም ከብትም የሚጠጣባት አንዲት ምንጭ ነበረች፤ በበጋ ማሰሮ ለመሙላት ሴቱ ተራ ይዞ እዚያው ያንቀላፋል። በዚያች ምንጭ ምክንያት ስንት ሴት ተፈነካክቷል!

ተራራውን ከከብት ከልለን፣ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጉድጓድ ቆፍረን፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ዘግተን ተከልን። ከላይ ጥድ፣ ከታች በኩል ወይራ፤ ወይራውን ከፍሬው ጀምሬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሰው "መንግሥት ድንጋይ ያስለቅማችኋል" እያለ ሲያሾፍብን ኖረ። ቀስ በቀስ ጎርፉ ቀረ። ምንጯ በበጋም ሞልታ መፍሰስ ጀመረች። የታቹ ሰው በቦይ ጠልፎ ሽንኩርት አለማ፣ ሽንኩርቱን ውጫሌ ገበያ አውጥቶ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። የደን ነገር ለመንደሩ የገባው ያኔ ነው። እኔ በየስብሰባው የለፈለፍኩት አይደለም ያስረዳው፣ ሽንኩርቱ ነው።

ታዲያ ደን ሲያምር ሌባም ያምረዋል። አጣና ፈላጊው፣ ከሰል አክሳዩ፣ ሁሉም ዓይኑን ጣለበት። ዘብ ብናቆም ዘቡ ዘመድ አለው። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ መከሩና በቃል እንሰረው አሉ። በኛ አገር ከዘብ ይልቅ ቃል ይፈራል። አንድ ዓርብ፣ ከጁምአ በኋላ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ተራራው ሥር ተሰበሰበ። ሼህ አሊ ዱአ አደረጉ፣ ቄስ ተስፉ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ። ቃሉን አንድ አድርገው ተናገሩት፤ "ከዚህ ተራራ እርጥብ የቆረጠ፣ የልጅ ልጁን ዓይን አይይ!" ከፊሉ አሚን፣ ከፊሉ አሜን አለ። እኔም ከልቤ አሚን ብያለሁ።

አያ ይማም ያኔ ጡረታ ወጥቷል። ከኋላ በትሩን ተደግፎ ተነሳ። "በሩስ?" አለ።

"የምን በር?" አሉ ሼህ አሊ።

"ቤት ስትሠሩ በር አታወጡም? ሣሩ በተራ ይታጨድ። የደረቀው ይለቀም። የተጨናነቀው ጥድ ይሳሳ። ተራራው የሚጠብበት አንገቱ ላይ እሳት የማይሻገረው መስመር ይከፈት። ከዚያ በኋላ እሰሩት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።"

"አያ ይማም፣ መርፌ ታህል ቀዳዳ ብንተው ግመል ያስገቡበታል" አሉ ሼህ አሊ። ሰው ሳቀ። ቄስ ተስፉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ኃላፊያችን ደግሞ ደሞዝ የማይጠይቅ ዘብ በማግኘቱ ደስ ብሎታል። እንዲህ ሆኖ ተራራው ተዘጋ። ግዝቱ እርጥብ ይበል እንጂ ሰው ፈርቶ የደረቀ ጭራሮ እንኳ ማንሳት ተወ። ቀፎ መስቀልም ቀረ። ሣሩ ወገብ ደረሰ፤ መንገደኛው እያየ ማሻአላህ ይላል። አያ ይማም ብቻ በበትሩ ገፋ እያደረገ ከሥሩ የተከማቸውን ርጋፊ ይቆፍርና "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ" ይላል።

የዚያን ዓመት በጋው ከረረ። ጥር ላይ፣ ክርስቲያኑ ለማርያም ወደ ግሸን ሄዷል፤ ቄስ ተስፉም አብረው ሄደዋል። እኔ ምንጯ ሥር ካለችው ትንሽ መደብ ላይ ችግኝ ሳጠጣ፣ ሙሔ የሚባል ጎረምሳ ቅንድቡ ተለብልቦ ከተራራው ሲሮጥ መጣ። "እኔ ነኝ! ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! ድረሱ!" ይላል። ለካ ወይራው ውስጥ የጫካ ንብ አግኝቷል። ቀፎ እንዳይሰቅል ተከልክሏል፣ ማሩን ግን አየው። በድብቅ ማጨሻ ይዞ ገባ፣ የሰው ኮቴ የሰማ መሰለው፣ ማጨሻውን ጥሎ ሮጠ። ሣሩ ቀሪውን ሠራ።

ወንዱ መጥረቢያና አካፋ ይዞ ሲደርስ መጀመሪያ የተያዘው ሙሔ ነው። ሁለት ሰዎች አንቀው ሊደበድቡት ሲሉ አያ ይማም መሐል ገባ። "ዱላው ይቆያል፣ እሳቱ አይቆይም! ልቀቁትና አካፋ ስጡት!" አለ።

እሳቱ ያለው ከታች፣ በወይራው በኩል ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሽቅብ ነው የሚነፍሰው። ተራራው መሐሉ ላይ በሁለት ገደል መካከል ይጠብባል፤ አንገት የምንለው እሱን ነው። ከአንገቱ በላይ ጥዱ አለ፣ የምንጯም ውሃ የሚጠራቀመው ከጥዱ ሥር ነው። እሳቱ አንገቱን ካለፈ ጥዱ እንደ ላምባ ይነዳል። ያኔ ምንጯም አለቀች፣ ሽንኩርቱም አለቀ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ድንጋዩን ጭኖ እንደ ድሮው ይወርዳል። ይሄን የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም።

"እዚህ ጋ!" አለ አያ ይማም በበትሩ ከገደል እስከ ገደል እያሳየ። "ጥዱን ጣሉት። የተጣለውን ወደ ላይ ጎትታችሁ አርቁት። ሣሩን አፈር እስኪታይ ጥረጉት። በሉ!"

ሣሩን መጥረግ ተጀመረ። ጥዱን ግን የሚነካ ጠፋ።

ወንዱ ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ቆሟል። ከፊቴ የቆመው ካሳው የሚባል ጎረቤቴ ነው፤ በሬ ጥሎ የሚያርድ ጉልበተኛ። "እህቴ ዘሃራ፣ ልጄን ገና አምና ነው የዳርኳት" አለኝ። "እንዴት አድርጌ?" መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

ሼህ አሊ እጃቸውን ዘረጉ። "እኔ ዱአዬን አንስቻለሁ! ቁረጡ፣ በአላህ ቁረጡ!" አሉ።

"የቄሱስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"የቄሱን እኔ በምን ሥልጣኔ ላንሳው?"

"አብሮ የታሰረ አብሮ ነው የሚፈታ" አለ ካሳው። ሌሎቹም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አዎ አሉ። ስልኬን አውጥቼ ወደ ቄስ ተስፉ ደወልኩ። ያቺ የተቀዳች ልጅ በለሰለሰ ድምጿ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ። ያንኑ አለችኝ። ከታች ወይራዎቼ ሲንጣጡ እሰማለሁ። ጭሱ ሽታውን ይዞ መጣ፤ ደግ ሽታ ነው የወይራ ጭስ፣ ያን ቀን ግን የሬሳ ሽታ ሆነብኝ። እኛ ቆመን ስንነታረክ ነው ወይራው ያለቀው። ቀደም ብለን ወርደን ብንቆርጥ ግማሹ ይተርፍ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

አያ ይማም ዙሪያውን አየ። ከዚያ በትሩን ጣለና ካሳው ያስቀመጠውን መጥረቢያ አነሳ። "እኔ ልጅ የለኝ" አለ። "እርግማኑ ቤቴ ቢመጣ ማንን ያገኛል?" ወደ ጥዱ ሄደ። መዳፉን ግንዱ ላይ አሳረፈ። "በላይህ ያሉት እንዲተርፉ ነው" አለው። ቢስሚላህ ብሎ መታው።

አንዱን ጣለ። ሁለተኛውን ሲጀምር ሳል ያዘው። ሽማግሌ ነው እኮ! ይመታል፣ ይቆማል፣ ይስላል፣ ይመታል። ጫካ በአንድ ሽማግሌ አይቆረጥም። ወደ ማንም አላየም፤ ወደ እኔም አላየም። ቢጠይቀኝ እምቢ ለማለት ይመቸኝ ነበር። አለመጠየቁ ነው የገደለኝ።

ልጄ ሰሚራ ደሴ ናት። ካገባች ብዙ ዘመኗ፤ ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል። ያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ፣ ሐኪሙም ደህና ነው ብሏት፣ እኔ በየሶላቱ እጄን ዘርግቼ የምለምነው እሷን ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ሰው የያዘው ፍርሃት እኔን ከማንም በላይ ይዞኛል። ያ ረቢ፣ ምን ልሁን? ወደ ታች አየሁ፤ ነበልባሉ ከወይራው ጫፍ በላይ ወጥቷል። ወደ ላይ አየሁ፤ ጥዱ ዝም ብሎ ቆሟል።

ከአንዱ ሰው እጅ መጥረቢያ ነጠቅሁ። መዳፌን ጥዱ ላይ አሳረፍኩ። ምክንያቱን ልነግረው አፌን ስከፍት የወጣው የሰሚራ ስም ብቻ ነው። ቢስሚላህ አልኩና መታሁ።

ከዚያ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አላውቅም። ካሳው እያለቀሰ "ሴት ቀደመችኝ! ሴት ቀደመችኝ!" ሲል ሰምቻለሁ። ሼህ አሊ ጀለቢያቸውን ወገባቸው ላይ ሰብስበው ቅርንጫፍ ይጎትታሉ። ሴቱ በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። ሙሔ እጁ እስኪላጥ አካፋውን አልለቀቀም። ኃላፊያችንም ከውጫሌ በአይሱዙ ሰው ጭኖ ደረሰ፤ ኮቱን ጥሎ ገባበት። እሳቱ አንገቱ ላይ ሲደርስ ሙቀቱ ወደ ኋላ ገፋን። ፍንጣሪ እየዘለለ ላይኛው ሣር ላይ ሲወድቅ ሴቶቹ በእርጥብ ቅጠል ደበደቡት። እሳቱ ግራ ቀኝ ፈለገ፣ ባዶ አፈር አገኘ፣ ቀስ እያለ ወደቀ። ጥዱ ተረፈ።

ማንም እልል አላለም። ሁሉም እኔን ነበር የሚያየው።

ለሰሚራ ሳልደውልላት እሷ ደወለች። ወሬ ደሴ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። "እማ፣ በኔ ሆድ ላይ ነው የቆረጥሽው?" አለችኝ። ምን ልበላት? ስለ ምንጭ ልንገራት? ስለ ጎርፍ? ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ብደውልም አታነሳም።

ቄስ ተስፉ ከግሸን ሲመለሱ ወሬውን አውቶቡስ ላይ ሰምተው በቀጥታ ወደ አንገቱ ወጡ። አመዱ ላይ ቆመው አለቀሱ። "አያ ይማም፣ በሩን ነግረኸን ነበር" አሉት። ከሼህ አሊ ጋር ሆነው አብረው ያሰሩትን አብረው ፈቱ፣ በምትኩ አዲስ ቃል ታሰረ፤ ሣሩ በተራ ይታጨዳል፣ ጥዱ ይሳሳል፣ የሚወጣው እንጨት ለመንደሩ ነው፣ መስመሩ ይሰፋል፣ ቀፎ ይሰቀላል። ሙሔም ቅጣቱን ከከፈለ በኋላ ለቀፎዎቹ ጠባቂ ተደረገ። ሁሉም አሚን፣ አሜን አለ።

ግን ማን ይቁረጥ? ቀጠሮ ያዝን፣ ማንም አልመጣም። ሌላ ያዝን፣ ካሳው ወገቤን አመመኝ አለ። ቃሉ በአፍ ተፈታ እንጂ በሰው ሆድ አልተፈታም። ገበያ ስወጣ ሴቱ እንዴት አደርሽ ሳይለኝ "ሰሚራ እንዴት ናት?" ይለኛል። ደህና ናት ስል ትክ ብሎ ያየኛል። ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ ክረምት ሣር ያበቅላል፣ በጋ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ፍንጣሪ ይበቃል። ተራራውን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤቱ መሆኑ ቀርቶ የልጄ ሆድ ሆነ። እንዲህ ያለ የደን አስተዳደር የት ትምህርት ቤት ይሰጣል? እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰውነቴ አለቀ።

ወሯ ሲገባ ሰሚራ ሻንጣዋን ይዛ መጣች። "ለመውለድ እናት ቤት ስለሚኬድ ነው የመጣሁት፣ ይቅር ብዬሽ አይደለም" አለችኝ ገና በሩ ላይ። "እሺ ልጄ" አልኩ። ከመምጣቷ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ምጡ ሲይዛት ውጫሌ ጤና ጣቢያ ይዘናት ሄድን። ግቢው ውስጥ ማን ነግሯቸው እንደመጡ እንጃ፣ ካሳው አለ፣ ሼህ አሊ አሉ፣ ቄስ ተስፉ አሉ፣ አንገቱ ላይ መጥረቢያ ይዞ የቆመው ሁሉ አለ። ከውስጥ የሰሚራ ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል። በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን፣ የተቆጣ። ነርሷ ብቅ ብላ "ሴት ናት፣ ደህና ናቸው" አለች።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ሰሚራ ከውስጥ ተጣራች፤ "እማ፣ ነይ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

ገባሁ። ሕፃኗ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓይኗ ክድን ብሏል። የእርግማኑ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ የልጅ ልጁን ዓይን አይይ። ሰሚራም የማስበውን አውቃለች፣ እጄን ያዘችኝ። ያኔ በሩ ላይ አያ ይማምን አየሁት። ጀርባውን ለኛ ሰጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

"አያ፣ ግባ እንጂ" አልኩት።

"እፈራለሁ" አለ። በሕይወቴ ከሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም። "ያን ቀን ልጅ የለኝም ብዬ ዋሽቻለሁ፣ ዘሃራ። አንቺን ምን ላድርግሽ?"

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ሰሚራ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ "ይግባ! አያቷ አይደል እንዴ?"

ገባ። ጎንበስ ብሎ ያን ሻካራ መዳፉን ግንባሯ ላይ፣ ድሮ ግንድ ላይ እንደሚያሳርፈው አሳረፈው። "ውሃ እንድትጠጪ ነው" አላት።

ሕፃኗ ፊቷን አጨማደደች፣ አዛጋች፣ ዓይኗን ገለጠች። ጥቁር፣ ትልልቅ፣ እኛኑ የሚያይ ዓይን። ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን ቀረን።

አልሐምዱሊላህ ብሎ ቀና አለ። ወደ በሩ ሄዶ ግቢ ውስጥ ወደቆመው ሰው ድምፁን ከፍ አደረገ፤

"አየናት! አየችን! በሉ፣ መጥረቢያችሁን ሳሉ!"

ካሳው ሞረዱን ከኪሱ አወጣ። ይዞት ነው የመጣው።